ባለ 6 ፊደሉን ወረቀት ብቻ ይዛችሁ ቦሌ እንዳትሄዱ

የአዳማ ልጆች፣ በተለይ ሰሞኑን እናት አባት ወደ ውጭ የምትልኩ፣ ይቺን ሳታነቡ ለማንም የአውሮፕላን ቲኬት ገንዘብ አትክፈሉ። እኛ ቤት የደረሰው ሌላ ቤት እንዲደርስ ስለማልፈልግ ነው የምጽፈው።

እህቴ ዱባይ ወለደች። የመጀመሪያ ልጇ ነው። እናቴ ልታርሳት መሄድ ነበረባት። ቪዛው ወጣና ቲኬት ፍለጋ ጀመርን። ሰው የጠቆመን እዚሁ አዳማ ፖስታ ቤት አካባቢ ያለ አንድ የቲኬት ቢሮ ነው (ጉዳዩ ፖሊስ ጋር ስላለ ስሙን አልጽፍም)። ቲኬት የሚሸጠው ልጅ ሲያዩት ትሁት ነው። ለእናቴ ወንበር ስቦ፣ ውሃ ቀድቶ፣ "እማማ ምንም አታስቢ" እያለ አስተናገደን። አየር መንገዱ 68,000 ብር ያለንን እኔ በ61,000 እጨርስላችኋለሁ፣ ግን ዛሬውኑ ካልከፈላችሁ ዋጋው ያልፋል አለ። ከፈልን። ያውም በድርጅቱ ሳይሆን በራሱ ስም በተከፈተ አካውንት። ደረሰኝ ስንለው ማሽኑ ተበላሽቷል፣ ነገ በቴሌግራም እልካለሁ አለን። እዚህ ጋ ነበር ተነስተን መውጣት የነበረብን።

የሰጠን ወረቀት ሲያዩት ልክ ቲኬት ይመስላል። የእናቴ ስም አለ፣ የበረራ ቁጥር አለ፣ ቀንና ሰዓት አለ፣ ፊደልና ቁጥር የተቀላቀለበት ባለ 6 ኮድ አለ፣ ከጎኑ ደግሞ "ኮንፈርምድ" ይላል። ኮንፈርምድ ካለማ አልቋል ብዬ አጣጥፌ ፓስፖርቷ ውስጥ ከተትኩት።

በበረራው ቀን ኮንትራት መኪና ይዘን በፍጥነት መንገዱ ሄድን። ሻንጣው ውስጥ የገንፎ ዱቄት፣ የአጥሚት እህል፣ ለሕፃኑ የተሰራ ጋቢ። ሸኚ ስለማይገባ እኔ ውጭ ቀረሁ። ግማሽ ሰዓት እንኳ ሳይሞላ ደወለችልኝና ስልኩን ለካውንተሯ ልጅ ሰጠቻት። ልጅቷ ቀስ ብላ ነው የነገረችኝ፦ "ቦታ ተይዞላቸው ነበር፣ ግን ቲኬት አልተቆረጠም፤ የመቁረጫው ቀን ስላለፈ ሲስተሙ ሰርዞታል።" ከዚያ የእናቴ ድምፅ ከኋላ ይሰማኛል፦ "እሺ ሻንጣውን ብቻ እንኳ መላክ አይቻልም?" ያንን ጥያቄ እስካሁን አልረሳሁትም። አራሷ ልጇ ብቻዋን ናት፣ እሷ ገንፎው እንዲደርስላት ነው የምትለምነው።

አሁን የገባኝን ልንገራችሁ። ቡኪንግና ቲኬት ሁለት የተለያየ ነገር ነው። ባለ 6 ኮዱ የሚነግራችሁ ወንበር ተይዟል ነው፣ ሌላ ምንም አይደለም። አንድ ብር ሳይከፈል ወንበር ሊያዝ ይችላል። ኮንፈርምድ የሚለውም እሱኑ ነው፦ ወንበሩ ተይዟል። የተሰጠው የጊዜ ገደብ እስኪያልቅ ቲኬት ካልተቆረጠ ራሱ ይሰረዛል። ልጁ ያደረገው ይሄንን ነው፤ ወንበር ይዞ፣ ወረቀቱን አትሞ፣ ብሩን ኪሱ ከተተ።

ቲኬት የተቆረጠ ከሆነ 13 አሃዝ ያለው የቲኬት ቁጥር አለው። ሁሉም አየር መንገድ የራሱ መነሻ ቁጥር አለው፤ የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ071 ይጀምራል፣ የኤምሬትስ በ176። ወረቀታችሁ ላይ ይሄ ቁጥር ከሌለ ቲኬት ተቆርጦልኛል ብላችሁ አትመኑ፣ በቃ። ቁጥሩ ቢኖርም ወረቀት ማንም ፎቶሾፕ አድርጎ ማተም ስለሚችል፣ እዚያው ወንበር ላይ እንደተቀመጣችሁ በራሳችሁ ስልክ የአየር መንገዱን ድረ ገጽ ወይም አፕ ከፍታችሁ ኮዱንና የተጓዡን የመጨረሻ ስም አስገብታችሁ የቲኬት ቁጥሩ እዚያም መኖሩን እዩ። ቲኬት ሻጩ የሚያሳያችሁን ስክሪን አትመኑ። ከጉዞው 3 ቀን በፊት ደግሞ ድገሙት፣ ምክንያቱም ቲኬቱን የቆረጠው ኤጀንት መልሶ ሊሰርዘውና ተመላሹን ሊቀበል ይችላል።

ሌላው ሰዓቱ ነው። እኛ ሰፈር አንድ ጎረቤታችን ከዚሁ ቢሮ ገዝቶ ቲኬቱ እውነተኛ ነበር፣ ግን በረራው አመለጠው። ቲኬቱ ረቡዕ 02፡20 ይላል። ልጁ "ረቡዕ ሌሊት ነው" አለውና እሱም እንደ ማንኛችንም ረቡዕን ሲሰናበት ውሎ ማታ ከአዳማ ተነሳ። አውሮፕላኑ ከሄደ ቀን ሆኖታል። እኛ ረቡዕ ሌሊት የምንለው ረቡዕ ውሎ የሚመሸውን ነው። አየር መንገድ ግን ቀን የሚቀይረው እኩለ ሌሊት፣ በኛ 6 ሰዓት ላይ ነው። ስለዚህ ረቡዕ 02፡20 ማለት ማክሰኞ መሽቶ ከሌሊቱ 8፡20 ነው፤ ከቤት የምትወጡት ማክሰኞ ማታ ነው ማለት ነው። ቲኬታችሁ ላይ ሰዓቱ በ00፣ 01፣ 02፣ እስከ 05 ድረስ የሚጀምር ከሆነ ቆም ብላችሁ አስቡ፣ ለወላጆቻችሁም "ማክሰኞ ማታ ራት በልተሽ ትወጫለሽ" ብላችሁ በሚገባቸው ቋንቋ ንገሯቸው። ቀኑም በፈረንጅ አቆጣጠር ስለሆነ በኛ ስንት እንደሚውል አብራችሁ ጻፉላቸው።

ስሙንም ከፓስፖርቱ ጋር ፊደል በፊደል አስተያዩ። ከፎቶው ገጽ ስር ያሉትን ሁለት መስመሮች እዩና ከዚያ ጋር አንድ መሆኑን አረጋግጡ፤ የአንድ ፊደል ስህተት ማረሚያ ተብሎ ድጋሚ ብር ያስወጣል። ሻንጣም ሳትጠይቁ አትክፈሉ። ቲኬቱ ላይ 2ፒሲ ካለ ሁለት ሻንጣ፣ 1ፒሲ ካለ አንድ ብቻ ነው፤ ረከሰ የተባለው ዋጋ አንዳንዴ ሻንጣ የሌለው ነው። ፓወር ባንክ በእጅ ቦርሳ ነው የሚያዘው፣ ሻንጣ ውስጥ አይገባም።

ደረሰኝ ደግሞ ልመና አይደለም። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ነጋዴ ለሸጠው ነገር ደረሰኝ እንዲሰጥ ያስገድደዋል። እኛ በእጃችን የነበረው የባንክ ማስተላለፊያና የቴሌግራም ቻት ብቻ ነበር፤ እሱንም ስክሪንሹት አድርጌ ስላስቀመጥኩት ነው ክሱ ተቀባይነት ያገኘው። ቻቱን እሱ ከኋላ አጥፍቶታል።

ከ61,000ው 20,000 መልሷል፣ የቀረውን ዛሬ ነገ እያለ ነው። እናቴ ከ11 ቀን በኋላ አዲስ አበባ ከአየር መንገዱ ቢሮ በተቆረጠ ቲኬት ሄደች። ሻንጣውን አልፈታችውም ነበር፣ እንደታሰረ ይዛው ሄደች።

ፖስታ ቤት አካባቢ ካለ ቢሮ በግለሰብ አካውንት ከፍላችሁ በዚህ ወር የሚበር ሰው ካላችሁ፣ አሁኑኑ ወረቀቱን አውጡና 13ቱን ቁጥር ፈልጉ። ካጣችሁት በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ክሱ የተመዘገበበትን ጣቢያ እነግራችኋለሁ፤ አብረን ብንቀርብ ይሻላል።