ኮንትራስት ግዙ ስትባሉ፦ አዮዲን፣ ጋዶሊኒየም ወይስ የብረት ናኖ?

አክስቴ ከዘጌ በጀልባ መጥታ ኤምአርአይ ታዘዘላት። «ኮንትራስት ገዝታችሁ ኑ» ተባልን፤ ደም ስር ውስጥ ተወግቶ ምስሉን የሚያጎላ መድኃኒት ነው። ባጃጅ ይዤ ከግሽ ዓባይ እስከ ፋሲሎ ፋርማሲ ለፋርማሲ ስዞር ውዬ አንድ ጠርሙስ ይዤ ተመለስኩ፤ ባለሙያው ገልበጥ አድርጎ አየውና «ይሄ እኮ የሲቲ ስካን ነው» አለኝ። ብሬ ተበላ። የእናንተ እንዳይበላ ነው የምጽፈው።

ለሲቲ ከሆነ ነገሩ አጭር ነው፤ አዮዲን ነው። ኤክስሬይን ስለሚያግድ ደም ስሩ ነጭ ሆኖ ይታያል። ጠርሙሱ ላይ ያለው 300 ወይም 350 በአንድ ሚሊ ሊትር ያለው የአዮዲን ሚሊግራም ነው። የታዘዘውን ግዙ፣ ትልቁ ይሻላል አትበሉ። ሲወጋ ሰውነት ይሞቃል፣ ሽንት ያመለጠም ይመስላል። አላመለጠም፣ አትደንግጡ። ኩላሊቱ የደከመና ለስኳር ሜትፎርሚን የሚወስድ ሰው ግን ቀድሞ ይናገር።

የሚያደናግረው የኤምአርአዩ ነው። የተለመደው ጋዶሊኒየም ነው። ብቻውን መርዝ ስለሆነ በሌላ ሞለኪውል ታስሮ ነው የሚሰጠው፤ ዋናው ጥያቄም እስሩ ላይ ነው። ሊኒየር የሚባለው ላላ ያለ ነው፤ ማክሮሳይክሊክ ግን ቀለበት ሠርቶ ይቆልፈዋል። እ.ኤ.አ. በ2006 ኩላሊታቸው በደከመ ሰዎች ላይ ቆዳ ከሚያደነድን በሽታ ጋር ተያይዞ ስሙ ተነሣ፤ በ2017 አውሮፓ በርካታ ሊኒየሮችን አገደች። ስለዚህ ጋዶቴሬት ወይም ጋዶቡትሮል ካገኛችሁ ጥሩ፤ ሊኒየሩን ጋዶዲያማይድ ሲሰጧችሁ ግን ሐኪሙን ሳትጠይቁ አትክፈሉ።

አሁን ወደ ብረት ናኖው። ፌሩሞክሲቶል ይባላል። ጋዶሊኒየም እንደ ውኃ የጠራ ነው፤ ይሄ ግን እንደ አቦል ቡና የጠቆረ ነው። ስኳር መሰል ሽፋን የለበሰ የብረት ኦክሳይድ ቅንጣት ሲሆን ስፋቱ 30 ናኖሜትር ገደማ ነው፤ ከፀጉር ውፍረት ከሺህ ጊዜ በላይ ያንሳል። ያም ሆኖ በኩላሊት ወንፊት አያልፍም። ደም ውስጥ ለሰዓታት ይቆይና የጉበትና የጣፊያ በላተኛ ሴሎች ይውጡታል፣ ብረቱም ከሰውነት የብረት ክምችት ጋር ይቀላቀላል። ከሱ በፊት የነበረው ፌሪዴክስ የተባለ የብረት ኮንትራስት የሚሠራውም በዚሁ ነበር፦ ጤነኛው ጉበት ብረቱን ውጦ ይጠቁራል፣ እነዚያ ሴሎች የሌሉት ዕጢ ግን ነጣ ብሎ ቁልጭ ይላል። እኔ በጣም ደስ ይለኛል ይሄ ነገር።

ደስ ማለቱ ግን መግዣ ምክንያት አይሆንም። ፌሩሞክሲቶል በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2009 መጀመሪያ የተፈቀደው ለኩላሊት ሕመምተኞች የደም ማነስ ነው፤ ለምስል ሲውል የቆየው በሐኪም ውሳኔ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 ለሕይወት በሚያሰጋ አለርጂ የተነሳ ከባድ ማስጠንቀቂያ ተለጠፈበት። ተበጥብጦ ቢያንስ በ15 ደቂቃ ቀስ ብሎ ይሰጣል፣ ከዚያም ሰውየው ይጠበቃል። ደግሞ እስከ ሦስት ወር ድረስ ቀጣዩን ኤምአርአይ ሊያዛባ ይችላል።

ስለዚህ ክሬቲኒናችሁ (የኩላሊትን አቅም የሚያሳየው የደም ምርመራ) ደህና ከሆነ ማክሮሳይክሊክ ጋዶሊኒየም ይዛችሁ ግቡ፣ ናኖ ፍለጋ አትንከራተቱ። ኩላሊት ከደከመ ግን «ብረቱስ?» ብላችሁ ሐኪሙን ጠይቁ፣ ያውም ከመግዛታችሁ በፊት። አክስቴ ክሬቲኒኗ ደህና ስለነበር ጋዶቴሬት ገዛን። ሁለተኛውን ጊዜ ግን የካርቶኑን ፎቶ ለባለሙያው በቴሌግራም ልኬ፣ «እሱ ነው» ሲለኝ ነው ብር ያወጣሁት። የመጀመሪያው ጠርሙስ እስካሁን መስኮቴ ላይ ቆሟል፤ ሲቲ የታዘዘለት ሰው ቢመጣም አልሰጠውም፣ የባሕር ዳር ፀሐይ ጠብሶታል።