ኮረብታን በቶን ለለመደ ሰው የሚሆን ኮርስ

ሥራዬ ጂኦሎጂ ነው። ከቁፋሮ የሚወጣውን ኮር፣ ማለትም ዘንግ የሚመስለውን የድንጋይ ናሙና፣ በሳጥን ደርድሬ፣ ውሃ አርከፍክፌ፣ በማጉያ መነጽር እያየሁ ስመዘግብ እውላለሁ። ሰውንና ባህሉን ከሚያጠናው ከአንትሮፖሎጂ ኮርስ ጋር ምን አገናኘህ ካላችሁኝ፣ የሥራ ባልደረባዬ ናት ጣጣው ውስጥ የከተተችኝ። «አንተ ከመሬት በታች ያለውን ነው የምታውቀው፤ ከላይ ማን እንዳለ አይታይህም» አለችኝና ሊንኩን ላከችልኝ። ነገሩ ከነከነኝ። በዚያው ማታ ተመዘገብኩ።

ኮርሱ የስምንት ሳምንት ነው፤ ሙሉ በሙሉ በኢንተርኔት። ነባር ሕዝቦች ከማዕድን ኩባንያዎች ጋር ስለሚያደርጉት ትግል ነው የሚያስተምረው። ያዘጋጀውን ተቋም ስሙን አልጠራም፣ ላማው ነውና። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር እጽፋለሁ።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት እንቅልፍ ናቸው። የዘርፉ ታሪክ፣ ትርጓሜ፣ ደግሞ ሌላ ትርጓሜ። ልተወው ስል ሦስተኛው ሳምንት ላይ ኒያምጊሪ መጣ።

ኒያምጊሪ በሕንድ ኦዲሻ ግዛት ያለ የተራራ ሰንሰለት ነው። ዶንግሪያ ኮንድ የሚባሉ ሕዝቦች ይኖሩበታል። ጫፉ ላይ ቦክሳይት አለ፤ አሉሚኒየም የሚሠራበት ማዕድን። ቬዳንታ የተባለው ኩባንያ ማጣሪያውን ከተራራው ግርጌ፣ ላንጂጋር ላይ፣ ቀድሞ ሠርቶት ነበር። የቀረው ከላይ ያለውን ማውረድ ብቻ ነው። ለዶንግሪያ ኮንድ ግን ያ ጫፍ የአምላካቸው የኒያም ራጃ መቀመጫ ነው። ምንጮቹም የእሱ ስጦታ ናቸው።

እዚህ ጋ ቪዲዮውን አቆምኩት። ቦክሳይት ባለ ቀዳዳ ድንጋይ ነው፤ የዝናብ ውሃ ይይዛል። ይህን ባለ ቀዳዳነት በሙያችን ፖሮሲቲ እንለዋለን። መወያያው ላይ ገብቼ በኩራት ጻፍኩ፦ «እነሱ አምላክ የሚሉትን እኛ ፖሮሲቲ እንለዋለን፤ አንድ ነገር ነው የምናወራው።» መምህርቷ በማግስቱ መለሱልኝ። «ያሳመነዎት አምላካቸውን ወደ ፖሮሲቲ መተርጎምዎ ከሆነ፣ ገና አልሰሟቸውም።» ዋጥ አደረግኳት። ለኮርሱ ከሰጠሁት ነጥብ ግማሹ ለዚህች መልስ ነው።

በ2013 የሕንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ጉዳዩን ለመንደር ጉባኤዎቹ መራው። በየጉባኤው ዳኛ ተገኝቶ ታዘበ። 12 መንደሮች ተሰበሰቡ፤ 12ቱም እምቢ አሉ። በቀጣዩ ዓመት የአካባቢ ሚኒስቴሩ ማዕድን ማውጣቱን ከለከለ። ኮርሱ ከዚህ በኋላ ሰርግና ምላሽ ሆነ። መንደሮቹን የመረጠው የግዛቱ መንግሥት መሆኑንና ከመቶ በላይ መንደሮች መካከል 12 ብቻ መጠየቃቸውን በአንድ ዓረፍተ ነገር አለፈው። እኔ ደግሞ እዚያ ላይ መቆየት ነበር የፈለግኩት። ማንን እንደምትጠይቅ የመረጥክ ቀን ግማሹን መልስ መርጠሃል። ናሙና መውሰድ የሚያውቅ ሰው ይህን አያጣውም።

አምስተኛው ሳምንት ግን እጅ ያስነሳል። ጁካን ጎርጅ ነው፣ ምዕራብ አውስትራሊያ። ሳምንቱን ሙሉ ወረቀት ብቻ ነው የሚያስነብቡህ፤ ፈቃድ፣ የቁፋሮ ዘገባ፣ የፓርላማ ምስክርነት። የፑቱ ኩንቲ ኩራማና የፒኒኩራ ሕዝቦች ምድር ላይ ያሉ የድንጋይ መጠለያዎች ናቸው። የማዕድን ኩባንያው ሪዮ ቲንቶ በ1972ቱ የቅርስ ሕግ መሠረት መጠለያዎቹን የማፍረስ ፈቃድ በ2013 አገኘ። በ2014 አርኪዮሎጂስቶች ሲቆፍሩ ሰው ከ46,000 ዓመት በፊት እዚያ ይጠለል እንደነበር የሚያሳይ ማስረጃ ወጣ። ከሰው ፀጉር የተጎነጎነ፣ 4,000 ዓመት ገደማ ያስቆጠረ ቁራጭም ተገኘ፤ ዘረመሉ ከዛሬዎቹ ባለቤቶች ጋር የሚዛመድ። ፈቃዱ ግን ቀድሞ ተፈርሟል። ሕጉ «አዲስ ነገር ተገኝቷልና እንደገና እንየው» የሚባልበት በር አልነበረውም። በግንቦት 2020 መጠለያዎቹ በፈንጂ ተመቱ።

እንቅልፍ የነሳኝ ፍንዳታው አይደለም። ኩባንያው ጉድጓዱን ለመክፈት አራት አማራጭ ነበረው። በሦስቱ መጠለያዎቹ ይተርፉ ነበር። አራተኛው ተጨማሪ 8 ሚሊዮን ቶን ጥሩ የብረት ማዕድን ያስገኛል፤ እሱ ተመረጠ። ለባለቤቶቹ ሌሎቹ አማራጮች አልተነገሯቸውም። ዋና ሥራ አስፈጻሚውና ሁለት ከፍተኛ ኃላፊዎች በኋላ ከሥራ ለቀዋል። እንዲህ ያለ አማራጭ እኔም በኮምፒውተር ስንት ጊዜ ሠርቻለሁ። አንዱን መስመር ወደ ግራ ገፋ፣ ቶኑን እይ፣ መልሰው። አሥር ደቂቃ አይፈጅም።

ስለ ስምምነት የሚያወራው ስድስተኛው ሳምንት መካከለኛ ነው። የተባበሩት መንግሥታት የነባር ሕዝቦች መብቶች መግለጫ በ2007 በ144 ድምፅ ጸደቀ፤ የተቃወሙት አራት አገሮች ነበሩ፦ አውስትራሊያ፣ ካናዳ፣ ኒውዚላንድና አሜሪካ። ኋላ ላይ አራቱም ሐሳባቸውን ቀይረዋል። ትልቁ ነጥብ ፈቃድ ሲጠየቅ አስቀድሞ፣ ያለ ጫና፣ ሰዎቹም ነገሩን አውቀውት መሆን አለበት የሚለው ነው። ይህን አስተምረውኝ ሲያበቁ፣ ቀጣዩን ቪዲዮ ለመክፈት ረጅም የውል ጽሑፍ አመጡና «አንብቤ ተስማምቻለሁ» የሚለውን ምልክት አድርግ አሉኝ። አደረግኩ። ማን ያነባል?

በዚያው ሳምንት የካናዳው የዴልጋሙክ ክስ አለ። የማዕድን ክስ አይደለም፣ ጊትክሳንን የመሰሉ ነባር ሕዝቦች ያነሱት የመሬት ባለቤትነት ክስ ነው፤ ግን አስገብተውታል፣ ደግም አደረጉ። አንዲት የጊትክሳን አዛውንት የመሬታቸውን ታሪክ የሚናገር መዝሙር በችሎት ሊዘምሩ ሲሉ፣ ዳኛው ለዜማ የሚሆን ጆሮ የለኝም አሉ። በ1991 በከሳሾቹ ላይ ፈረዱ። የመሰከሩትን አንትሮፖሎጂስቶችም ሚዛን የላቸውም ብለው ገፏቸው። በ1997 ግን የካናዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የቃል ታሪክ እንደ ማስረጃ ሊመዘን ይገባዋል ብሎ አዲስ ችሎት አዘዘ።

አሁን ወደ ሐሜቱ። ሰባተኛው ሳምንት ለኩባንያ ተቀጥረው ጥናት ስለሚሠሩ አንትሮፖሎጂስቶች ነው። ዘጠኝ ደቂቃ ቪዲዮ! ለኦክ ቴዲ የማዕድን ማውጫ እንኳ፣ ፓፑዋ ኒው ጊኒ ውስጥ የማዕድን ዝቃጭ ወንዝ ስለገባባቸው ሰዎች፣ አርባ ደቂቃ ሰጥተዋል። እዚያ ያለው አንትሮፖሎጂስት ከተጎጂዎቹ ጎን የቆመ ነውና ለማውራት ይመቻል። ከማዶ ስለቆመው ሲሆን ድምፃቸው ቀነሰ። በእኛ ሙያ የክምችት ሪፖርት የሚፈርም ሰው በስሙ ይጠየቃል። በ1997 የካናዳው ኩባንያ ብሬ-ኤክስ ኢንዶኔዥያ ውስጥ አገኘሁ ያለው ወርቅ ባዶ ሆኖ ሲገኝ ካናዳ ደንቧን ያጠበቀችው ለዚህ ነው። «እዚህ ኮረብታ ላይ የተቀደሰ ነገር የለም» ብሎ የሚፈርመውስ? መወያያው ላይ ጠየቅኩ። እስካሁን መልስ የለም።

ሌላው፣ በቪዲዮው ግርጌ የሚሮጠው ጽሑፍ አሳፋሪ ነው። ዶንግሪያ ኮንድን በአንድ ቪዲዮ ውስጥ አራት ዓይነት አድርጎ ጻፋቸው። የሰው ስም በትክክል መጻፍ አለበት እያለ የሚያስተምር ኮርስ ይህን ማየት ነበረበት። አጥፉትና በጆሯችሁ ተከታተሉ።

ልውሰደው ወይ ለሚል፦ አዎ። ከሦስተኛው ሳምንት ጀምሩ። አምስተኛውን ሁለት ጊዜ እዩት። በተለይ በመስክ የምትሠሩ፣ ካርታ የምትስሉ፣ ፈቃድ የምታዘጋጁ።

የመጨረሻው ፈተና ከራሳችሁ ሥራ አንድ ወረቀት አምጥታችሁ መተንተን ነው። እኔ የድሮ የመስክ ቅጼን አመጣሁ። «በመሬቱ ገጽ ላይ ያለ» የሚል ዓምድ አለው። «የለም» ብዬ ሞልቼዋለሁ። ትንተናው ላይ ግን እውነቱን ጻፍኩ፤ ጠዋት ጠዋት አንድ ሽማግሌ እየመጡ የተቆለሉት ድንጋዮች አጠገብ ይቀመጡ ነበር። 70 ከመቶ አገኘሁ። ከውጤቱ ሥር አንድ ጥያቄ ተጽፏል፦ «ሽማግሌው ስማቸው ማን ነበር?»

አልጠየቅኳቸውም ነበር። ሰርተፊኬቱም እስካሁን አልደረሰኝም።