ለጓሮ ዶሮ፦ ጫጩት ወይስ ቄብ?

ለጓሮው ሦስት አራት ዶሮ ለሚፈልግ ጀማሪ ቄብ፣ ማለትም እንቁላል መጣል ያልጀመረች ወጣት ሴት ዶሮ፣ ትሻላለች ባይ ነኝ።

ጫጩት ርካሽ ነው። ከእጅ እየበላ ስለሚያድግም ሰው ይለምዳል፤ ይህ ትልቅ ደስታ ነው። ግን ሙቀት ይፈልጋል። በመጀመሪያው ሳምንት ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ ከዚያ በየሳምንቱ 3 ዲግሪ ያህል እየቀነሰ፣ ላባ እስኪያወጣ። መብራት ጠፍቶ ከበረዳቸው ያልቃሉ። እንቁላሉም 5 ወይም 6 ወር ያስጠብቃል። ከሁሉ የሚከፋው ግን ግማሾቹ አውራ ሆነው ሊገኙ መቻላቸው ነው። ንጋት ሳይደርስ የሚጮህ አውራ ዶሮ ከጎረቤት ያጣላል።

ቄብ ውድ ናት፤ ቦታ ስትቀይርም ትደነግጣለች። ነገር ግን ሴትነቷ የታወቀ ነው፤ ልትጥል የደረሰችውን ካገኛችሁ ብዙ አትጠብቁም። ስትገዙ ዓይኗ ንጹሕ፣ አፍንጫዋ ደረቅ መሆኑን እዩ። ነባር ዶሮ ካላችሁ ደግሞ ለጥቂት ሳምንታት ለይታችሁ አቆዩአት።