እጅህ ይባረክ! አሞርዛተር ለምታስቀይሩ የፒክአፕ ባለቤቶች

ሳሪስ አካባቢ የፒክአፓችንን አሞርዛተር (የመኪናን መንጠር የሚያበርደውን ዕቃ) ለቀየረልን መካኒክ ወንድማችን ይህን ምስጋና በአደባባይ ካላቀረብን ዕዳ ሆኖ ይቀርብናል። ስሙ እንዲለጠፍ አልፈለገም። የፈለጋችሁ በውስጥ መስመር ጠይቁን፣ ስልኩን እንሰጣችኋለን።

መኪናዋ የ2012 ሥሪት ሃይሉክስ ደብል ጋቢና ናት። ፍሬን ሲያዝ ወደ ፊት ትደፋለች፣ ከ80 በላይ ስትነዳ ትዋልላለች፣ ኮብልስቶን ላይ ደግሞ ከፊት ቀኝ በኩል ኳ ኳ ትላለች። በዚህ ምክንያት ሦስት ጋራዥ ዞራለች። የመጀመሪያው ከሥሯ እንኳ ሳይገባ "ቴስቲኒ (መሪውን ከጎማው የሚያገናኘው የዘንግ ጫፍ) ነው" አለና ቀየረ፣ የአላይመንትም (የጎማ አቅጣጫ ማስተካከያ) አስከፈለ፤ ኳኳታው እንዳለ ቀረ። ሁለተኛው የኋላ ሁለቱን አሞርዛተር ለውጦ ተጨማሪ ባሌስትራ (ከኋላ ጭነት የሚሸከመውን ዝርግ የብረት ሞላ) አስገባባት። ችግሩ ያለው ፊት! ከዚያ ወዲያ ባዶዋን ስትሄድ ከኋላ ወንበር የተቀመጠ ሰው ወገቡን ይዞ ነው የሚወርደው። ሦስተኛው ጋ የነበረውን ማንሳት ያሳፍራል። የፊት አሞርዛተሩን ያቀፈውን ሞላ በሽቦ ጠፍሮ ሞላውን አምቆ የያዘውን የመሃሉን ዳዶ ሊፈታ ሲል "ተወው" ተብሎ መኪናው ወጣ። የታመቀ ሞላ ከሽቦ ካመለጠ ሰው ይገድላል፣ ቀልድ አይደለም።

ይህኛው ቁልፍ ከማንሳቱ በፊት መሪውን ያዘ። ሃያ ደቂቃ ያህል ኮብልስቶን ላይ ነድቷት ተመለሰ፣ ወዲያው ከሥሯ ገብቶ አራቱንም አሞርዛተሮች በእጁ ጀርባ ነካ ነካ አደረገ። ሦስቱ ሞቀዋል። የፊት ቀኙ ቀዝቃዛ ነው። "ይሄ ሥራ ፈቷል" አለ። አሞርዛተር የመኪናውን መንጠር ወደ ሙቀት እየለወጠ ነው የሚያበርደው፤ ጓደኞቹ ሞቀው እሱ ብቻ ከቀዘቀዘ ምንም አልሠራም ማለት ነው። ለዚህ ምርመራ አንድም መሣሪያ አላስፈለገውም፣ ሦስት ጋራዥ ግን አላደረገውም።

እዚያ ላይም አልቆመም። ጥግ ጥጉን እየተጫነ አነጠራት፣ ግን ፒክአፕ ሞላው ጠንካራ ስለሆነ በዚህ ብቻ መፍረድ እንደሚያሳስት ነገረን። የጎማውን ጥርስ በመዳፉ ዳበሰ፤ ቦታ ቦታ ጎድጎድ ብሎ ተበልቷል፣ ጎማው አስፋልቱን በደንብ እንዳልያዘ ምልክት ነው። የአሞርዛተሩ ገላ ላይ ዘይት ወርዶ አቧራ ጋግሮበታል። ትንሽ ወዝ ብቻ ቢሆን ኖሮ አያስቀይርም ነበር፣ የሚያስቀይረው የሚወርድ ዘይት ነው። ኳኳታውን ደግሞ በብረት ዘንግ እየነቀነቀ ፈልጎ አገኘው፤ የዋናው ድምፅ ምክንያት የስታቢላይዘር ሊንኩ (መኪናው ኩርባ ላይ እንዳይጋደል የሚረዳው ዘንግ ማያያዣ) ጎሚኒ (ላስቲክ) ማለቁ ነበር። ይህን ሳያይ አሞርዛተር ብቻ ቀይሮ ቢሆን ኳኳታው አብሮን ወደ ቤት ይመለስ ነበር።

አራት አሞርዛተር ሊያስገዛን ይችል ነበር። የፊት ሁለቱ ይበቃሉ አለ። ግራው ገና ቢሞቅም የሚቀየረው ጥንድ ጥንዱን ነው፤ አንዱ አዲስ አንዱ አሮጌ ከሆነ መኪናው ፍሬንና ኩርባ ላይ እኩል አይቆምም። ሶማሌ ተራ (የመኪና መለዋወጫ ገበያ) አብሮን ወርዶ ሁለት ሱቅ የቀረበለትን መለሰ። አሮጌውን እና የሻንሲ ቁጥሩን ይዛችሁ ሂዱ፤ የፎር ባይ ፎሩና የቱ ባይ ፎሩ ቁመት ይለያያል፣ ሻጩ "ይገባል" ስላለ አይገባም።

አሠራሩንስ! መኪናው በክሪክ ብቻ አልተንጠለጠለም፣ ካቫሌቶ (የብረት መቆሚያ) ላይ ቆመ። ሊንኩን ፈታ፣ ከላይ ሦስቱን ዳዶ በ14 ቁልፍ፣ ከታች ቡሎኑን። የፍሬን ዘይት የሚያልፍበት ጎማና የኤቢኤስ (ፍሬን ሲያዝ ጎማ እንዳይቆለፍ የሚያደርገው ሥርዓት) ሽቦ እንዳይወጠሩ ቀድሞ ለቀቅ አደረጋቸው። ሞላው፣ ክዳኑና የአሞርዛተሩ የታችኛው ዓይን (ቡሎኑ የሚገባበት ቀለበት) የተቀመጡበትን አቅጣጫ በጠመኔ ምልክት አደረገ፤ ይህ ካልተደረገ ሲገጠም ሦስቱ ቡሎኖች ቀዳዳቸውን አያገኙም። ከዚያ መጭመቂያውን በሞላው ግራና ቀኝ አስሮ ሞላው ክዳኑን ሲለቅ ብቻ የመሃሉን ዳዶ ነካ። የአሞርዛተሩን ዘንግ በፒንሳ የሚይዝ መካኒክ ካያችሁ መኪናችሁን ይዛችሁ ውጡ፤ ዘንጉ ከተጫረ ዘይቱን የሚይዘውን ጎሚኒ ይበላዋል፣ አዲሱም በወሩ ዘይት ይጥላል። አሮጌውን በእጅ እንድንገፋው ሰጠን። እንደ ብስክሌት መንፊያ ሰተት ብሎ ገባ፣ አልተመለሰም። አዲሱን ቀጥ አድርጎ ጥቂት ጊዜ አስገብቶ አስወጣው፣ ከዘይቱ ጋር የተደባለቀው አየር ተለይቶ ዘይቱ ቦታውን እንዲይዝ። የመሃሉንም ዳዶ አሮጌውን አልመለሰም፣ አዲስ አደረገበት።

አንድ ነገር በተለይ ልብ በሉ። የታችኛውን ቡሎን በእጅ ብቻ አስይዞ መኪናውን መሬት አወረደ፣ አነጠራት፣ ከዚያ ነው በቶርክ ቁልፍ (በተወሰነ ልክ በሚያጠብቅ ቁልፍ) ያጠበቀው። ጎማው አየር ላይ ተንጠልጥሎ ከጠበቀ በቡሎኑ ዙሪያ ያለው ጎሚኒ እንደተጠማዘዘ ይቀራል፣ በጥቂት ወር ይቀደዳል። የሚቸኩል ጋራዥ ሁሉ የሚዘለው ይህን ነው።

ይህን "ስትራት" የሚሉትም አሉ፣ እሱ ግን አሞርዛተሩ ራሱ ጎማውን የሚይዝበት የቪትዝና የኮሮላ ነው፤ እዚያ ላይ ከቀየራችሁ አላይመንት ግዴታ ነው። ሃይሉክስ ላይ ጎማውን የያዙት ከላይና ከታች ያሉት ብራቾዎች (የብረት ክንዶች) ስለሆኑ አላይመንቱ እምብዛም አይናጋም፣ ቢሆንም ማሳየቱ አይከፋም።

ያ ትርፍ ባሌስትራ? ራሱ አውጥቶ ከአሮጌዎቹ ዕቃዎች ጋር በጆንያ አስረከበን፣ የእጅም አልጠየቀበትም። 500 ኪሎ ሜትር ከሄደች በኋላ ራሱ ደውሎ "አምጧትና ቡሎኖቹን ልያቸው" አለን። እግዚአብሔር ዕድሜና ጤና ይስጥህ፣ እጅህ አይታጠፍ። ፒክአፕ ያላችሁ እሱ ጋ ውሰዱ፣ ግን ቀድማችሁ ደውሉ፤ በቀን ከሁለት መኪና በላይ አይቀበልም።