ያላለቀ ሕንፃ በጅማ፦ ስትራክቸሩ ይገዛል?

«ስትራክቸሩ የወጣ፣ ለቢሮ የሚሆን ጂ+4፣ አስቸኳይ ሽያጭ።» ይህ ማስታወቂያ ለጅማ ሰው እንግዳ አይደለም። ደላላው «ከባዱ ሥራ አልቋል፣ የቀረው ብሎኬትና ልስን ነው» ይላል። ግማሹ እውነት ነው።

ለዓመታት ተገትሮ የኖረ የሕንፃ አጽም (ስትራክቸር) ሁሉ የሞተ አይደለም። ፖላንድ ውስጥ ክራኮቭ ከተማ በፈረንጆቹ 1975 የተጀመረ ረጅም የቢሮ ሕንፃ በ1981 ገንዘብ አጥሮ፣ ፖለቲካውም ተናውጦ ቆመ። ያሠራው የነበረው የቴክኒክ ባለሙያዎች ድርጅት ነው፤ የመሐንዲሶቹ ቤት ራሱ ሳያልቅ ቀረ ማለት ነው። ከተሜው በአንድ ባለ አጽም ፊት የካርቱን ወንበዴ ስም «ሽክየሌቶር» እያለ ተሳለቀበት፤ ሲብስም የግዙፍ ማስታወቂያ መስቀያ ሆነ። በ2020 «ዩኒቲ ታወር» ተብሎ 102.5 ሜትር ቁመት ይዞ ሲጠናቀቅ ግን አጽሙ አልፈረሰም፤ እሱኑ አልብሰው ነው የጨረሱት። የኮሚኒስት ሥርዓቱ ከተቀየረ በኋላ እንኳ እንዲያ ያንቀረፈፈው በአብዛኛው የባለቤትነትና የከፍታ ፈቃድ ክርክር ነው። ስለዚህ ጅማም ላይ ከአርማታው በፊት ወረቀቱ ይታይ፦ ካርታው፣ የሊዝ ውሉና በውስጡ ያለው የግንባታ ጊዜ ገደብ፣ የጸደቀው ፕላን፣ የባንክ እዳ። ፕላኑ ጂ+3 ብሎ ሕንፃው ጂ+4 ከሆነ ቅናሽ መጠየቅ አያዋጣም፤ ይተዉት።

ቀጥሎ ዝናቡ ነው። ጅማ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ይዘንብባታል፣ ክረምቱን ብቻ ጠብቆም አይደለም። ጉዳቱ የሚጀምረው ወደ ሰማይ ከቀረው የኮለን (የምሰሶ) ፌሮ ነው። ብዙ ሰው ጫፉን አይቶ «ትንሽ ዝጓል» ብሎ ያልፋል። መታየት ያለበት አንገቱ ነው፤ ከአርማታው የሚወጣበት፣ ውሃ የሚቋጥርበት ቦታ። በሽቦ ብሩሽ እስኪያበራ ፈግፍገው፣ አዲስ የ16 (ባለ 16 ሚሊ ውፍረት) ፌሮ ቁራጭ ከጎኑ አድርገው በውፍረት መለኪያው በካሊፐር ይለኩ። የ16ቱ 14 ከሆነ የጠፋው 2 ሚሊ ብቻ ይመስላል፤ በስፋቱ ሲሰላ ግን ከብረቱ ሩብ የሚጠጋው ሄዷል። ያ ፌሮ ተቆርጦ በኢፖክሲ (በጠንካራ ማጣበቂያ) አዲስ ይተከላል እንጂ ቀለም አይቀባም። ለመቀጠያ የተረፈው የፌሮ ርዝመትም ቢያንስ የውፍረቱን 40 እጥፍ፣ ማለትም ለ16ቱ 64 ሳንቲ ሜትር መሆን አለበት፤ ስዕሉ የበለጠ ካለ ስዕሉ ይከበር። በፕላስቲክ የተጠቀለለ ፌሮ አያታልልዎት፣ ላቡ ውስጥ ታፍኖ ይበላዋል። የሲሚንቶ ውሃ የተቀባው ይሻላል።

ሶሌታውን ከታች ሆነው በመዶሻ ያንኳኩት። ጥሩ አርማታ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ «ዱም» ካለ ውስጡ ተላቋል። ዝገት ከብረቱ ብዙ እጥፍ ቦታ ስለሚወስድ ሽፋኑን፣ ማለትም ፌሮውን የሸፈነውን አርማታ፣ እየገፋ ያስነሳዋል። በቢሙ ርዝመት ቀጥ ብሎ የሄደ ስንጥቅና ቡናማ እንባ ካዩ በርዝመቱ የተኛው ዋና ፌሮ ዝጓል። ሽፋኑ 25 ሚሊ መሆን ሲገባው ስፔሰር (ፌሮውን ከቅርጹ የሚያርቀው ድጋፍ) ሳይደረግ የተሞላ ከሆነ ፌሮው እንደ ጎድን አጥንት ቁልጭ ብሎ ይታያል።

የአርማታውን ጥንካሬ ገጹን መትቶ በንጥረቱ በሚገምተው የሽሚት መዶሻ ብቻ አይመኑ፤ እርጥበትም የአርማታው ዕድሜም ንባቡን ያዛቡታል። ከጥቂት ኮለኖች ኮር (ክብ የአርማታ ናሙና) ተቆርጦ ላብራቶሪ ይሰበር። የተቆረጠው አዲስ ገጽ ላይ ፌኖልፍታሊን የተባለው ቀለም ቀያሪ ኬሚካል ሲረጭ ደማቅ ሮዝ ከሆነ ሽፋኑ አሁንም ብረቱን ይጠብቃል፤ እስከ ፌሮው ድረስ ቀለም አልባ ከሆነ ጥበቃው አልቋል። ሻጩ ኮር አላስቆርጥም ካለ፣ ለእኛ መልሱ ያው «ይተዉት» ነው።

በጥቅሉ፣ ወረቀቱ ንጹሕ፣ ሶሌታው ጥርት የሚል፣ ጥገናው የአናቱ ፌሮ ብቻ ከሆነ ይገዛል፤ የጥገናው ዋጋ ከሽያጩ ላይ ይቀነስ። ቤዝመንት ያለውን ግን በጥር አይተው አይፈራረሙ። ነሐሴ ላይ ቦቲ አጥልቀው ይውረዱበት።