ኮንጎ፣ በረባሶ ወይስ ኢቫ? ለጎጃም ክረምት የሚሆን ጫማ

ክረምት ሲገባ ጎጃም ገበያ ላይ ሦስት ርካሽ ጫማ ይደረደራል። ኮንጎ፣ በረባሶ፣ እና ስፖንጅ የሚመስለው ቀላሉ ኢቫ። የትኛው ይገዛ? መጀመሪያ ከምን እንደተሠሩ እንይ።

ኮንጎ ፒቪሲ የሚባል ፕላስቲክ ነው። ፒቪሲ ከአንድ ዓይነት ሞኖመር፣ ማለትም ከአንድ ዓይነት ትንሽ ሞለኪውል ብቻ የተያያዘ ሰንሰለት ነው። በባሕርዩ ደረቅ ስለሆነ ማለስለሻ ይጨመርበታል። ማለስለሻው ግን ቀስ በቀስ ይወጣል። ያኔ ጫማው ይደርቅና ይሰነጠቃል። በጮቄ ብርድ ደግሞ ጠዋት ጠዋት ድርቅ ብሎ ተረከዝ ይልጣል።

ኢቫ ኮፖሊመር ነው፤ ኢትሊንና ቪኒል አሲቴት በአንድ ሰንሰለት ላይ ተያይዘው የተሠራ። የጤፍና የዳጉሳ ዱቄት እንደመቀላቀል አይደለም። ሁለት ዓይነት ዶቃ በአንድ ክር እንደመሰካት ነው። ቪኒል አሲቴቱ ሲበዛ እንደ ላስቲክ ይለሰልሳል። ውስጡ በአየር የተሞላ ስለሆነ አይከብድም፣ ውሃ ላይም ይንሳፈፋል። ስትገዙ ሶሉን በአውራ ጣት ጫን በሉት። ቶሎ ካልተመለሰ በጥቂት ወር ይተኛል። ምድጃ አጠገብ ግን አታድርቁት፣ ይኮማተራል።

በረባሶን የሚችለው የለም። የሚሠራው ከአሮጌ የመኪና ጎማ ነው፤ ጎማው ውስጥ ከተፈጥሮ ጎማ ጋር የስታይሪንና የቡታዳይን ኮፖሊመር አለ። ቡታዳይኑ እንዲለጠጥ፣ ስታይሪኑ እንዲጠነክር ያደርገዋል። በድኝ ስለበሰለም እሳት አጠገብ አይቀልጥም። ድንጋይና እሾህ ላይ ለሚውል ገበሬ ከዚህ የሚበልጥ አላውቅም። ሽቦ ያልወጣበት መሆኑን ብቻ በእጃችሁ ዳብሱ።

አንድ ነገር ግን ከጥንካሬ ይበልጥብኛል። በጎጃም ደጋ ብዙ እግር የሚያሳብጠው ዝሆኔ ትንኝ የሚያመጣው አይደለም፤ ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም። የሚመጣው ቀዩን አፈር ለዓመታት በባዶ እግር ከመርገጥ ነው። ጫማ ይከላከለዋል፣ በረባሶ ግን ከላይ ክፍት ነው። አፈሩ ይገባል።

ስለዚህ ለልጅ ከሆነ ቀዳዳ የሌለውን ሽፍን ኢቫ ግዙ። ሽፍኑ ከጠፋ ሽፍን ኮንጎም ይሁን። በረባሶ የለመደ አባወራን አስጥላችሁ ማሳመን ይከብዳል፤ ቢያንስ ማታ ማታ እግሩን በሳሙና ይታጠብ።