ሜፒፎርም በጡት ቀዶ ሕክምና ጠባሳ ላይ፦ ጥሩ ፕላስተር ነው፣ ግን በየቀኑ ይነሳ

ሜፒፎርም የስዊድኑ ሞልንሊኬ የሚያመርተው ስስ የሲሊኮን ፕላስተር ነው። ጡት ሙሉ በሙሉ ሲወጣ የሚቀረው ጠባሳ ከደረት ተነስቶ ወደ ብብት ስለሚዘልቅ 4 በ30 ሴንቲ ሜትሩን መግዛት ይሻላል፤ 5 በ7.5ቱ አይበቃም። በመቀስ ሲቆረጥ ከጠባሳው ዳርና ዳር 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ይትረፍ፤ ማዕዘኑም ክብ ይሁን። ሹል ከተተወ የጡት መያዣው እያሸ ይገለብጠዋል።

ክሩ ሳይወጣ፣ ቅርፊቱ ሳይረግፍ፣ ቁስሉ ሙሉ በሙሉ ሳይዘጋ አይለጠፍም። ቫዝሊን ወይም ሎሽን የነካው ቆዳ ላይ አይዝም። ሲለጠፍ መወጠር የለበትም፤ ከተጎተተ ዳሩ ላይ ቆዳው ውሃ ይቋጥራል። ቀንም ሌሊትም ይቆያል፤ በቀን አንዴ ተነስቶ ቆዳው ታጥቦ በደንብ ከደረቀ በኋላ ያው ይመለሳል፣ መጣበቅ ሲያቅተው ይቀየራል። ለአዲስ ጠባሳ ከ2 እስከ 6 ወር፣ አብጦ ለቆየ ደግሞ ከ3 ወር እስከ ዓመትና ከዚያም በላይ ይፈልጋል። በሙቀት አገር ላብ ከሥሩ ታምቆ ሽፍታ ያወጣል፤ ያኔ ቆዳው እስኪያገግም ማቆም ነው። ጨረር እየተሰጠበት ያለ ቆዳ ላይ ያለ ሐኪሙ ፈቃድ አይደረግም። ሲሊኮን ጠባሳን ያሳሳል የሚለው ማስረጃ ጠንካራ እንዳልሆነም ገዢው ይወቅ።

ዋናው ስጋታችን ሌላ ነው። የጡት ካንሰር እዚያው ጠባሳው ላይ ተመልሶ ሊወጣ ይችላል፤ ፕላስተሩ ደግሞ የቆዳ ቀለም ስላለው ይሸፍነዋል። ስለዚህ በየዕለቱ ሲነሳ ጠባሳውን በብርሃን እዩት፤ በሦስት ጣቶች ጫፍ ለስላሳ ክፍል፣ ከደረት ወደ ብብት እየተጫናችሁ ዳስሱት። ኬሎይድ፣ ማለትም ከልክ በላይ ያደገ ጠባሳ፣ ብዙ ጊዜ ከጠባሳው መስመር ዳር አልፎ ያብጣል፣ ያሳክካል። የአተር ፍሬ የሚያህል፣ የማያምም፣ ከቆዳው ጋር የተጣበቀ ጠጣር እብጠት፣ አዲስ መቅላት ወይም አልድን ያለ ቁስል ግን ሐኪም ሊያየው ይገባል። በክር ዙሪያ የሚፈጠር እብጠትና የሞተ ስብም ይህንኑ ስለሚመስሉ በጣት መለየት አይቻልም፤ አልትራሳውንድና በመርፌ የሚወሰድ ናሙና ያስፈልጋል። «ኬሎይድ ነው» ተብሎ ናሙና ሳይወሰድ የጠባሳ ማሳሻ መርፌ እንዳይወጋበት። ብዙው የሚመለሰው በመጀመሪያዎቹ 5 ዓመታት ነው፤ ከዚያ በኋላም ይከሰታል። የታየበትን ቀን፣ ቦታውንና ስፋቱን በሚሊ ሜትር ጽፋችሁ ከቀድሞው የፓቶሎጂ (የናሙና ምርመራ) ውጤት ጋር ይዛችሁ ቅረቡ።